ደመወዝ ተጨምሮም ሠራተኛው ለምን ይለቃል?

ሰላም ለጠያቂያችን። ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው፦ ካዛንቺስ ያለው ቢሯችሁ ለ14 ሠራተኞች ደመወዝ ጨመረ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ማርፈዱም መልቀቁም እንደ በፊቱ ሆነ። ታዲያ «የማስሎ ፒራሚድ እኛ አገር አይሠራም?» ብለዋል።

የሰውን ፍላጎት ከታች ወደ ላይ በደረጃ የሚደረድረውን ፒራሚድ ለጊዜው ይተዉት። የሥነ ልቦና ባለሙያው አብርሃም ማስሎ በ1943 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ ሥዕሉ ራሱ የለም፤ አንዱ ደረጃ ጢም ብሎ ካልሞላ ሌላው አይጀምርም የሚል ሐሳብም የለም። እንዲያውም ለማስረዳት ያህል ብቻ ባስቀመጠው ግምት የአንድ ተራ ሰው የሥጋ ፍላጎት 85፣ ደህንነቱ 70፣ ፍቅርና ወዳጅነቱ 50፣ ክብሩ 40፣ ያለውን ችሎታ አውጥቶ መጠቀሙ 10 በመቶ ቢሟላ ነው ይላል። ኪራይ ያስጨነቀው ሠራተኛም መከበር ይፈልጋል፣ ያውም ዛሬውኑ።

ለእናንተ ጉዳይ የሚቀርበው ሌላው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍሬድሪክ ሄርዝበርግ ነው። አሜሪካ፣ ፒትስበርግ አካባቢ 203 መሐንዲሶችና የሂሳብ ባለሙያዎች ተጠይቀው በ1959 የታተመው ጥናቱ የሚያስመርረውንና የሚያተጋውን ይለያል። ደመወዝ፣ የአለቃ ጠባይና የመሥሪያ ቤት ደንብ ሲበላሹ ያስመርራሉ፤ ሲስተካከሉ ምሬቱ ይበርዳል፣ ትጋት ግን አይወልዱም። የሚያተጋው የሥራው ውጤት፣ እውቅና፣ ኃላፊነትና እድገት ነው። በዚያ ላይ የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋ ስለናረ፣ ጭማሪው ምሬቱን እንኳ በቅጡ ላያበርድ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው። «ደመወዝ አነሰኝ» የሚል ሰው ሁሉ ስለ ደመወዝ አያወራም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ክሌይተን አልደርፈር በ1969 (እ.ኤ.አ.) እንዳለው፣ የማደግ ፍላጎቱ የተዘጋበት ሰው ወደ ታችኛው ፍላጎት ተመልሶ እሱን አብዝቶ ይጠይቃል። ልዩነቱ ከንግግሩ ይታወቃል። ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ታክሲ እያለ የሚቆጥር ሰው በእርግጥ ገንዘብ አጥሮታል። «እገሌ ትናንት ገብቶ ከእኔ በላይ ያገኛል» የሚለው የቸገረው ፍትሕ ነው፤ ለእሱ ጭማሪ ሳይሆን የደመወዝ ስኬሉን በግልጽ ማሳየት ይቀድማል። «ለዚህች ብር ነው ይህን ሁሉ የምለፋው?» የሚለውን ግን ባለፈው ዓመት ምን ጠይቆ እንደተከለከለ ፋይሉን ያገላብጡ፤ ብዙ ጊዜ ሥልጠና ወይም የቦታ ለውጥ ነው የሚገኘው።

ስትጠይቁ «ምን ይጨመርላችሁ?» አትበሉ፤ መልሱ ሁልጊዜ ብር ነው። እንደ ሄርዝበርግ «ሥራህ በጣም ያስደሰተህ ጊዜ መቼ ነበር? በጣም ያስከፋህስ?» ብላችሁ፣ አንድ በአንድ፣ 20 ደቂቃ ያህል። የቅርብ አለቃው አይጠይቅ። መልሱን በሁለት ዓምድ ጻፉት።

ከዚያ የምሬቱን ዓምድ አስቀድሙ፣ በተለይ ኦቨርታይም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ክፍያ በቀን 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት እረፍት 2፣ በበዓል 2.5 እጥፍ ነው። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራና 10,400 ብር የሚከፈለው ሰው ደመወዙ ለወሩ 208 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 50 ብር ይደርሰዋል፤ ፋሲካን 4 ትርፍ ሰዓት ከሠራ 500 ብር ነው። ይህ ስሌት በፔይሮሉ ላይ ካልታየ ሠራተኛው በልቡ «ተበላሁ» ይላል፣ ባይበላም።

ማርፈዱን በቦነስ ለማስቆም አትቸኩሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ዴሲ በ1971 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ በደስታ እንቆቅልሽ ይፈቱ የነበሩ ተማሪዎች ክፍያ ተጀምሮ ሲቆም ፍላጎታቸው ቀነሰ። (ይህ ለሚወደድ ሥራ ነው፤ አሰልቺውን ሥራ በነጻ አሠሩ ማለት አይደለም!) ካዛንቺስ የነበረው ቤቱ ፈርሶ ከተማ ዳር የተዘዋወረ፣ ሜክሲኮ ላይ ተሰልፎ የሚመጣ ሠራተኛ ካላችሁ፣ ከ1:30 እስከ 3:00 ባለው ውስጥ የመግቢያ ሰዓቱን ራሱ መርጦ ለወር ይፈርም፤ የመውጫውም አብሮ ይገፋል። ዴሲና ባልደረባው ሪቻርድ ራያን መሠረታዊ ካሏቸው ሦስት ፍላጎቶች አንዱ፣ በራስ መወሰን፣ ያለ ብዙ ወጪ የሚሟላው እንዲህ ነው። ሁለተኛውን፣ ችሎታ የሚባለውን፣ ሥራውን ጀምሮ እስኪጨርስ ለአንድ ሰው በመስጠት መሞከር ይቻላል። ሦስተኛውን፣ ከሰው ጋር ያለውን ትስስር፣ ዕቁባችሁና ለቅሶ መድረሳችሁ ይሸፍነዋል፤ አዋጁ ለቅርብ ዘመድ ሐዘን የሚሰጠውን 3 የሥራ ቀን ግን እንደ ችሮታ አታድርጉት።

የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ፎቶ ግድግዳ ላይ መስቀል እኔ አልመክርም። ተራ ደርሶት እንደሚሰቀል ሁሉም ያውቃል።

የሚለቁትንም ጠይቁ፤ ግን ክሊራንሱ አልቆ የሥራ ልምድ ደብዳቤው እጃቸው ከገባ በኋላ ይሁን። ከዚያ በፊት የምትሰሙት «ለግል ጉዳይ ነው» የሚለውን ብቻ ነው።