ካርቦን ልቅበር ለምትሉ ልጆች

የጂኦሎጂ ተማሪዎች ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ያበዙብኛል። «ጋሼ፣ ይሄ ካርቦን ዳይኦክሳይድን መሬት ውስጥ መቅበር የሚሉት ነገር እኛ አገር ሥራ ይሆናል?» እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ነው፤ የምመልሰውም ከዚያ ተነስቼ ነው።

ነገሩ ወሬ አይደለም። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ስላይፕነር በተባለው ጋዝ ማውጫዋ በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሰሜን ባሕር ወለል በታች ባለ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ስታስገባ ኖራለች። ለጽድቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ወደ አየር በሚለቁት ጋዝ ልክ የሚከፍሉት የካርቦን ግብር ነበረባቸው። አልጄሪያ ደግሞ ኢን ሳላህ በተባለው ጋዝ ማውጫዋ እ.ኤ.አ. በ2004 ጀምራ፣ ጋዙን ከላይ የከደነው ድንጋይ እንዳያሾልክ ስላሰጋ እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋረጠ። እሱንም አንብቡ።

ለእኛ የሚቀርበው የአይስላንዱ ነው። ጋዙን እንደ አምቦ ውሃ አሟሙተው ባዛልት በሚባለው፣ ከቀዘቀዘ ላቫ በተሠራ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ይለቁታል። አሲዳም የሆነው ውሃ ከድንጋዩ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያወጣል፣ እነሱ ከካርቦኑ ጋር ይጣመሩና ማዕድን ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ጥናት ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ድንጋይ ሆኗል። ፈጣን ነው!

ባሕር ዳርም ባዛልት ላይ ነው ያለችው። ጣናን የገደበው ላቫ ነው፣ ጢስ ዓባይ የሚወርደውም ከዚሁ ጥቁር ድንጋይ ላይ። ሰባራ ድንጋይ አንሱና ቀዳዳዎቹን እዩ። ነጭ ነገር የሞላባቸው ካገኛችሁ ሎሚ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ካልሳይት ነው፣ ካልሲየምና ካርቦን የተጣመሩበት ማዕድን፣ ውሃና ካርቦን ያለ ማንም እርዳታ የሠሩት።

«በቃ፣ እዚሁ እንጀምራ!» እንዳትሉኝ። በዚህ ዘዴ አንድ ቶን ጋዝ 25 ቶን ገደማ ውሃ ይፈልጋል። ያ ቀዳዳና ስንጥቅ ደግሞ የምንጠጣውን ውሃ የያዘ ነው፤ የከተማችን ቧንቧ ስንት ዓመት የኖረው ከባዛልት በሚፈልቁ ምንጮች ነው። እኔ ብጠየቅ ጣና ዳር ለካርቦን አንድ ጉድጓድ አላስቆፍርም። መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሆነ ተይዞ የሚቀበር ጋዝ የምታገኙት ይልቅ ሲሚንቶ ፋብሪካ ነው፤ የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ይለቀዋል፣ ነዳጁን ብትቀይሩትም አይቀርም።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ ተማሩ። ሪግ (የመቆፈሪያው ማሽን) አጠገብ ቁሙ። ከጉድጓዱ የሚወጣውን የድንጋይ ስብርባሪ እጠቡት፣ በከረጢት አድርጉት፣ ጥልቀቱን ጻፉበት፤ አቧራው ልብስ ያበላሻል፣ ቻሉት። ለቁፋሮው ወደ ጉድጓዱ ገብቶ የሚመለሰው ውሃ ድንገት ከጠፋ ቆፋሪው ይበሳጫል፣ እናንተ ግን ሜትሩን ቶሎ መዝግቡ። ስንጥቁ እዚያ ነው፤ ውሃም ሆነ ጋዝ የሚሄደው በዚያ ነው።