ዓይንህ ምንም አልሆነም፣ መጀመሪያ እጅህን እንየው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት። ፑል ሁለት ዓመት ተጫወትኩ፣ ማነጣጠር ላይ ግን ያው ነኝ፤ ከባዷ ትገባልኛለች፣ ቀላሏን እስታታለሁ፤ ጥሩ የማነጣጠሪያ ዘዴ ካላችሁ ንገሩኝ፣ የራሴን ዱላ ብገዛስ ለውጥ አለው? ነው ያልከው። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ልጆች ሁሉም ስለ ማነጣጠር ነው የጻፉልህ። እኔ ከሌላ በኩል ልምጣ። ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

እኔ ያደግኩት ናዝሬት ነው። (አዳማ ማለት እስካሁን አፌ ላይ አልገባም።) ፑል የለመድኩት በረንዳ ላይ በቆመች አንዲት ጠረጴዛ ነው። ተሸናፊ ይከፍላል። እኔ ደግሞ ከፋይ ነበርኩ። ያኔ የከፈልኩትን ባጠራቅመው ዛሬ ዱላ አይደለም ጠረጴዛውን ከነኳሱ ይገዛልኝ ነበር። እና ልክ እንዳንተ ችግሩ ዓይኔ ነው ብዬ አምኜ ነበር። እንዲያውም መነጽር ያስፈልገኝ ይሆናል ብዬ ሄጄ ተመርምሬያለሁ። ምንም የለህም ብለው መለሱኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከረንቡላ ሲጫወቱ ያረጁ አንድ ጋሼ ከጎን ሻይ እየጠጡ ሲያዩኝ ቆዩ። ስለ ዓይን ምርመራው ለጓደኛዬ ሳወራ ሰምተውኛል መሰለኝ። «ልጄ፣ ሌላውን ኳስ ሁሉ አንሳውና ነጯን ብቻ ቀጥ አድርገህ ምታት እስቲ» አሉኝ። መታሁ። ዝም ብለው ተነሱ። ቾኩን (የዱላው ጫፍ የሚቀባበትን ትንሽ ጠመኔ) ወሰዱና ነጯ ከነበረችበት አንድ ስንዝር ወደፊት፣ ከመስመሩ ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ አስቀመጡት። «አሁን ድገም፣ ቾኩን ግን እንዳትነካው።» ነጯን መታኋት፣ ዱላው ቀጠለና ቾኩን ጠርጎት ሄደ። አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «ድገም።» አሁንም በረረ። ከአስሩ ሰባቱን መታሁት። አስበው፣ ያን ቀን ማንም ቢጠይቀኝ ዱላዬ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው ብዬ እምል ነበር። «ታዲያ ይሄን መነጽር ያስተካክለዋል?» ብለው ሻያቸውን ሊጨርሱ ተመለሱ።

ስለዚህ ዘዴ ከመፈለግህ በፊት ዱላህ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ እርግጠኛ ሁን። ቾክ የማስቀመጡን ነገር ዛሬውኑ ሞክረው፣ በግራም በቀኝም። ሌላም አለ። ነጯን ከጠረጴዛው አጭር ጎን ፊት፣ መሃል ላይ አስቀምጣት። ርዝመቱን ይዘህ ከፊት ለፊትህ ያለውን ጎማ መሃሉን ምታው። ዱላህን ሳታነሳ እዚያው ቆይ። ተመልሳ የዱላህን ጫፍ ከነካች ጥሩ ነው። መሃሉን በትክክል ነክታ ስትመለስ ወደ ጎን ከሄደች ግን ነጯን መሃሏን ሳይሆን ጎኗን ነው የመታኸው፣ ሳታውቀው አሽከርክረሃታል። ገና ስትሄድ መሃሉን ከሳተች ደግሞ አቅጣጫህ ራሱ ጠማማ ነው። ይሄንን ከሁለቱም ጫፍ ሞክረው እሺ? የእኛ አገር ጠረጴዛ ግማሹ ወለል ላይ በካርቶን ተደግፎ የቆመ ስለሆነ፣ ኳሷ ከየትም ብትመታት ሁልጊዜ ወደ መንገዱ በኩል የምታዘነብል ከሆነ ጥፋቱ ያንተ አይደለም።

ትንሽ ስህተት ምን ያመጣል ካልክ ሒሳቡን ልንገርህ። የፑል ኳስ ስፋቱ 57 ሚሊ ሜትር ነው። የምትመታው ኳስ ከነጯ 1 ሜትር ይርቃል እንበል። ነጯ ከመስመሯ በ1 ዲግሪ ብቻ ብትሳሳት እዚያ ስትደርስ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን ወጥታለች። ኳሱን የምትነካው በሌላ ቦታ ነው ማለት ነው፣ ኳሱ ደግሞ ወደ 17 ዲግሪ ተጣሞ ይሄዳል። አንዷ ዲግሪ አሥራ ሰባት ሆነች። እንግዲህ በዚህ ላይ የፈለግከውን የማነጣጠሪያ ዘዴ ብትጭንበት ምን ይፈይዳል?

አሁን ወደ እጅ። የኋለኛው እጅህ ዱላውን ይጨብጣል ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ሁላችንም እንጨብጣለን፣ በተለይ ሂሳብ ሲኖርበት። ለሰው የምታጎርሰውን ጉርሻ ስትይዝ አትጨምቀውም አይደል? እንዳይወድቅ ብቻ ነው የምትይዘው። ዱላውም እንደዚያ ነው። ነጯን ልትመታ ስትል መዳፍህ ጥርቅም ካለ የዱላው ጫፍ ወደ ጎን ይዞራል፤ የእኔ ቾክ ሲበር የነበረው በዚህ ነው። ትከሻህ አይንቀሳቀስ። ክርንህም እስክትመታ ድረስ ባለበት ይቆይ፣ ከክርን በታች ያለው ብቻ እንደ ሰዓት ፔንዱለም ይወዛወዝ። ዱላው ነጯን በሚነካበት ቅጽበት ያ ክንድህ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት የተንጠለጠለ መሆን አለበት። ይሄን ራስህ ማየት አትችልም፣ ስልክ አስቀምጠህ ከጎን ተቀረጽ። ወደኋላ ስትስብ ቀስ በል። ጫፍ ላይ ትንሽ ቆም በል። ከዚያ ምታና ዱላው ይለፍ፣ ነጯ ላይ አታቁመው።

አቋቋም ላይ ብዙ አልቆይም፣ አንድ ነገር ብቻ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ጎንበስ ይልና ከዚያ ነው የሚያነጣጥረው፣ ጎንበስ ብሎ ወገቡን ግራ ቀኝ እያለ። ይሄ መቅረት አለበት። ቆመህ ከነጯ ኋላ መስመሩን እይ፣ ቀኝ እግርህን መስመሩ ላይ አድርግ (ግራኝ ከሆንክ ግራውን)፣ ከዚያ ቀጥ ብለህ መስመሩ ላይ ውረድ። ወርደህ ካላማረህ እዚያው አታስተካክለው፣ ተነስና እንደገና ጀምር። ቀላሏን የምትስታት ለዚህ ይመስለኛል። ከባዷ ላይ ቆመህ ታስባለህ፣ ቀላሏ ላይ ደግሞ ገብታለች ብለህ ዘው ትላለህ፣ ገና ሳትመታ ቀና ብለህ ቀዳዳውን ታያለህ። ኳሱ እስኪገባ ድረስ አንገትህን ደፍተህ ቆይ። እኔ ለአንድ ወር ያህል ይሄን ብቻ ነው የተለማመድኩት፤ ጓደኞቼ ተኛህ እንዴ እያሉ ሲስቁብኝ ነበር።

እቤት የሚሠራም አለ። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ፣ የብርጭቆውን፣ ምግብ ጠረጴዛ ላይ አጋድመህ የተዋስከውን ዱላ ጫፍ አንገቱን ሳይነካ ማስገባትና ማውጣት። መጀመሪያ ቀን ቤቱ በሙሉ ኪሊንግ ኪሊንግ ይላል። እናቴ «ይሄ ልጅ ምን ሆነብኝ» ብላ ጎረቤት ጠርታ አሳይታኛለች።

ዱላህ ቀጥ ሲል ማነጣጠሩ ያን ያህል አያስቸግርም። ከቀዳዳው መሃል ተነስተህ በምትመታው ኳስ መሃል የሚያልፍ መስመር በሐሳብህ ስመር። ኳሱ ኋላ ላይ፣ በዚያ መስመር ላይ፣ ኳሱን የነካች ሌላ ኳስ አለች ብለህ አስብ። ነጯ መድረስ ያለባት የዚያች ኳስ ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ ሰሞን በሐሳብ አይደለም፣ እውነተኛ ኳስ እዚያ አስቀምጥና ዞረህ ነጯ ኋላ ቆመህ እየው፣ ዓይንህ ሲለምደው አንሳው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሚነካካበትን ነጥብ እያየ የነጯን መሃል ወደዚያ ነጥብ ስለሚልክ ነው። የነጯ መሃል ግን እዚያ አይደርስም፣ ኳስ ስፋት አለው። ለመለማመጃ የሚመቸው ግማሽ በግማሽ የሚነካካው ነው፤ የነጯን መሃል በኳሱ ጠርዝ ላይ ታነጣጥራለህ፣ ኳሱ በ30 ዲግሪ ይሄዳል። ይሄን አንዱን አንግል እስኪሰለችህ ምታው። ከዚያ የወፈረው (ነጯ ኳሱን ከግማሽ በላይ ሸፍና የምትነካው) ወይም የቀጠነው (ከግማሽ በታች የምትነካው) ምን እንደሚመስል ራስህ ታገኘዋለህ። ስትመታ የመጨረሻ እይታህ ነጯ ላይ ሳይሆን በምትመታው ኳስ ላይ ይሁን።

ነጯን ጎኗን እየመታህ ማሽከርከሩን ግን ለጊዜው ተወው። ቀኟን ስትመታት መንገዷ ትንሽ ወደ ግራ ይገፋል፣ እሱን ማካካስ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። አሁን መሃሏን፣ ከመሃሏ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገህ ብቻ ምታት።

አቧራው ደግሞ አለ፣ የእኛ ከተማ በሽታ። ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳ በረንዳ ላይ ያለ ጠረጴዛ ጨርቁም ኳሱም አፈር ይለብሳል። የቆሸሹ ኳሶች ሲነካኩ ይያያዛሉ፣ ነጯ የምትመታውን ኳስ ትንሽ ይዛው ስለምትሄድ በትክክል አነጣጥረህም ኳሱ ወፍራም እንደተመታ ሆኖ ከቀዳዳው ጎን ይቀራል። እኔ ከመጀመሬ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ አደርቃቸዋለሁ። ባለቤቱ መጀመሪያ ተቆጣኝ፣ በኋላ ራሱ ጨርቅ ማቅረብ ጀመረ። እጅህ በሙቀቱ ሲያልብህ ደግሞ ፓውደር አታርከፍክፍ፣ ጨርቁን ያበላሸዋል፣ ታጠብና አድርቅ። መብራት ከአንድ ጎን ብቻ ከሆነም ተጠንቀቅ፣ ጥላው የኳሱን ጠርዝ ያሳስትሃል።

አንድ ሰው ከላይ «ኤፍሬን ሬየስን እይ፣ ክንዱ ይወዛወዛል ግን የ1999 የዓለም ሻምፒዮን ነው» ብሎሃል። እውነት ነው፣ ፊሊፒናዊው ክንዱ ልቅ ነው፣ ለማየትም ደስ ይላል። ግን ነጯን በሚነካበት ቅጽበት የዱላው ጫፍ የፈለገበት ቦታ ላይ ነው ያለው። እሱ እዚያ ለመድረስ ዕድሜውን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ኖሯል። አንተና እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የምንጫወተው።

ዱላ መግዛቱን አሁን አልመክርህም። ከመጫወቻ ቤቱ ዱላዎች አንዱን ምረጥ፣ ጠረጴዛው ላይ አንከባልለው፣ የሚዘል ከሆነ ጠማማ ነው፣ ተወው። የጫፉ ቆዳ ጠፍጣፋና የሚያብረቀርቅ ከሆነም ተወው፣ ቾክ አይይዝም። ያገኘኸውን ጥሩ ዱላ ምልክት አድርግበትና ሁልጊዜ እሱን ያዝ። ቾኩን አሥር ጊዜ መትተህ አንዴ እንኳን ሳትነካው ስትቀር ያኔ ስለ ግዢው እናወራለን።

ቪዲዮ ከቀረጽክ ላክልኝ። ከጎን የተቀረጸው ክርንህን ያሳየኛል፣ ሌላ አንድ ደግሞ ፊት ለፊትህ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ስልኩን ዝቅ አድርገህ ቅረጽ፣ ዱላው ወደ ስልኩ ሲመጣ እንዲታይ። ከአሥሩ ስንቱን ቾክ እንደነካኸውም ጻፍልኝ።