በነሐሴ ወደ ዱባይ ለሚሄድ ሰው ሹራብ ያስፈልጋል ወይ?

አዎ፣ በነሐሴም ቢሆን አንድ ስስ ሹራብ መያዝ ይኖርብዎታል፤ የሚጠቅምዎት ግን ለውጭው አየር ሳይሆን በገበያ ማዕከላትና በሜትሮ ውስጥ ላለው ብርቱ ማቀዝቀዣ ነው።

ውጭ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያልፍና ከባሕረ ሰላጤው የሚነሳው እርጥበት ላብ ቶሎ እንዳይደርቅ ስለሚያደርግ፣ ሰፋፊና እጀ ረጅም የሆኑ የጥጥ ልብሶችን ከወትሮው በዛ አድርገው ይያዙ። በረሃ ማታ ይቀዘቅዛል የሚለው የተለመደ ግምት ለታኅሣሥና ለጥር እንጂ ለነሐሴ አይሠራም፤ ሌሊቱም ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል።

ከራሴ የደረሰብኝን ልንገርዎት፦ ከቀዘቀዘ ሕንፃ በወጣሁ ቁጥር መነጽሬ በጤዛ እየተሸፈነ መንገዱ ይጠፋብኝ ነበር። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ መጥረጊያውን ጨርቅ በኪስዎ ይያዙ፤ መንገድ ከማቋረጥዎ በፊትም እስኪጠራ ድረስ በሩ አጠገብ ይቁሙ።