የድሮ ካርታና የገዳም ሥዕል በካርድ ላይ፦ ጠየቃችሁ፣ መለስኩ

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ጥያቄው ይበዛል። ባሕር ዳር ላይ የቆዩ ካርታዎችንና የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን የመልካም ምኞት ካርድ ላይ እያተምኩ ስሸጥ ዓመታት አልፈዋል፣ የሚያውቀኝ ሁሉ በዚህ ሰሞን አንድ ነገር ሳይጠይቀኝ አያልፍም። ዛሬ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ልመልስ። የካርታዎቹ ዓመት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ጎጃም በደንብ የሚታይበት ጥንታዊ ካርታ የትኛው ነው? ለአባቴ ልልክለት ነው።

ወንድሜ፣ የጀርመናዊውን ምሁር የሂዮብ ሉዶልፍን የ1683 ካርታ ያዝ። ከዚያ በፊት የነበሩት ያምራሉ፣ ግን ዓባይን ያለ ቦታው ነው የሚያፈሱት። ካርታ ሠሪው ኦርቴሊዩስ በ1573 አንትወርፕ ላይ ባሳተመው ካርታ አገራችን «የካህኑ ዮሐንስ ግዛት» ተብላ እስከ ታች ድረስ ተለጥጣለች፣ ዓባይም ከምድር ወገብ በታች ካሉ ሁለት ትልልቅ ሐይቆች ይነሳል። ነገሩ የተስተካከለው አገሩን በእግራቸው ያዩ ሰዎች ሲመጡ ነው። የካቶሊክ ሚስዮናዊው፣ ጀስዊቱ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ሰከላ፣ ግሽ ድረስ ሄዶ የዓባይን ምንጭ አየ፤ ከሱ በኋላ የመጣው ሌላው ጀስዊት ማኑኤል ደ አልሜዳ ካርታ ሠራ፣ ያም በ1660 ታተመ። ሉዶልፍ ራሱ ኢትዮጵያን ረግጧት አያውቅም። መምህሩ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ በ1649 ሮም ላይ ተገናኙ፣ በ1652 ደግሞ ጀርመን፣ ጎታ ድረስ ሄደው ቋንቋውንም አገሩንም አስተማሩት። በሉዶልፍ ካርታ ላይ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን እንደ መቀነት ይዞራል። አባትህ ላቲኑን ማንበብ ባይችሉ እንኳ ያንን መታጠፊያ ሲያዩ አገራቸውን ያውቋታል። እባክህ ከካርዱ ጀርባ ግን የአባ ጎርጎርዮስን ስም ጻፍበት። የሉዶልፍን ስም ብቻ የጻፈ ካርድ ሳይ ይከፋኛል።

ጥያቄ (ከሰከላ)፦ የጄምስ ብሩስስ? እኛ ጋ መጥቶ የለም እንዴ?

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ መጥቷል፣ በኅዳር 1770። መጽሐፉም ከነካርታዎቹ በ1790 ወጥቷል፤ ካርዱ ላይ ብታትመው ያምርብሃል። ከጀርባው «የዓባይን ምንጭ ያገኘ» ብለህ እንዳትጽፍ ብቻ። ፓኤዝ በ152 ዓመት ቀድሞታል፣ የናንተ አያቶች ደግሞ መቼም ጠፍቶባቸው አያውቅም። «ግሽን የጎበኘ» በለው፣ በቂ ነው።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ከኢንተርኔት ያወረድኩት ካርታ ስልኬ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ማተሚያ ቤት ስወስደው ግን ይደበዝዛል። ማሽኑ ነው?

ማሽኑ አይደለም፣ ምስሉ ትንሽ ስለሆነ ነው። የፖስትካርድ መጠን፣ ማለትም 105 በ148 ሚሊ ሜትር፣ በደንብ እንዲወጣ ቢያንስ 1240 በ1748 ፒክስል ይፈልጋል። ለካርታ ከዚያም በላይ ቢሆን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የቦታ ስሞቹ እንደ ጤፍ የደቀቁ ናቸው። በቴሌግራም ስትልከው ደግሞ እንደ ፎቶ አትላከው፤ ያሳንሰዋል። እንደ ፋይል ላከው። ሌላው የማየው ስህተት ወረቀቱ ቢጫ ሆነ ብሎ ምስሉን ነጭ እስኪሆን ማንጣት ነው። ተው። ያ ቢጫነት የወረቀቱ ዕድሜ ነው፣ አብረህ ስታነሳው ቀጫጭኖቹ መስመሮችም አብረው ይሄዳሉ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ሰው ይከሰኝ ይሆን? መብቱ የማን ነው?

በ1683 ለታተመ ካርታ የሚከስሽ የለም። በእኛ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት ሰውየው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ የሁሉም ይሆናል። ፎቶግራፍ ግን ራሱን የቻለ መብት አለው። የገዳም ሥዕል ሦስት መቶ ዓመት ቢሞላውም ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ያነሳውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ ማተም አይቻልም። ጠይቂው፣ ስሙንም ጻፊለት። ሥዕሉን ራስሽ ልታነሺ ከሆነ ደግሞ የደብሩን አስተዳዳሪ አስቀድመሽ አስፈቅጂ፣ ለሽያጭ እንደሆነም ደብቀሽ አትግቢ። ፍላሽ አይበራም። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባ ወደ ዘጌ፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ብትሄጂ ይሻልሻል። ከዚያ የሚበልጥ የሥዕል ሀብትም የት ታገኛለሽ!

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ከአንድ ትልቅ ሥዕል ላይ አንድ ፊት ብቻ ቆርጬ ካርድ ላይ ማድረግ እችላለሁ? አንድ ጎበዝ ፈረሰኛ አይቼ ወድጄው ነበር።

ሥዕሉን ልከህልኝ አይቼዋለሁ፣ እንኳን ጠየቅኸኝ። ፈረሰኛህ በአንድ ዓይን ነው የተሳለው። በእኛ አሣሣል ጻድቅ ፊቱን ወደኛ አዙሮ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ከሃዲው፣ ሰይጣኑ፣ ጌታን የሚገርፈው ወታደር በጎን ነው የሚሳለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ያንን ፊት «እንኳን አደረሳችሁ» ብለህ ለአክስትህ ብትልክላቸው፣ ሥዕል የሚያውቁ ከሆኑ በደስታ አይቀበሉህም። በደፈናው ግን መቁረጥ አልወድም። ሥዕሎቹ ላይ ከራስ በላይ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አለ፣ ምን እንደሆነ የሚነግረን እሱ ነው። ቆራጭ ሁሉ መጀመሪያ የሚጥለው ደግሞ ያንኑ ነው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ወረቀቱ ስንት ግራም ይሁን? ሲታጠፍስ ለምን ይሰነጠቃል?

250 ወይም 300 ግራም በቂ ነው። ስንጥቁ በእኔም ደርሷል። መጀመሪያ ያሳተምኩት 200 ካርድ በሙሉ እጥፉ ልክ ጣና መሐል ላይ ወድቆ፣ ቀለሙ ተነስቶ፣ ሐይቁ ለሁለት ተከፍሎ ነው የመጣልኝ። ሁሉንም ጣልኩት። ወፍራም ወረቀት ከመታጠፉ በፊት መስመር ሊወጣለት ይገባል፤ ማሽን ባይኖር እንኳ በማስመሪያና ጫፉ ባለቀ ብዕር ጫን ብሎ ማስመር ይቻላል። ሁለተኛ፣ ወረቀት እንደ እንጨት የራሱ አቅጣጫ አለው፣ እጥፉ በዚያው አቅጣጫ ሲሆን አይሰነጠቅም። ሦስተኛ፣ ውስጡን ላሚኔት እንዳታስደርጊ። እስክሪብቶ አይዝም፣ የማይጻፍበት ካርድ ደግሞ ምን ያደርጋል።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ለዘመን መለወጫ ከአደይ አበባ ሌላ ምን ሥዕል ይሆናል? አበባው በዛ።

የዓመቱን ወንጌላዊ! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምር፣ ለአራት አካፍል። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ። 2019ን ብትወስድ 7519 ይሆናል፣ ሲካፈል 3 ይተርፋል፣ ሉቃስ ነው። እንግዲህ ከአንድ የቆየ የብራና ወንጌል የሉቃስን ሥዕል ታወጣና ከውስጥ «እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገረዎ» ትላለህ። ኒውዮርክ የሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ከጣና አካባቢ የወጣ፣ ከ14ኛው መጨረሻ እስከ 15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተሠራ ወንጌል አለ፣ የወንጌላውያኑም ሥዕል አለበት። ሙዚየሙ በፈረንጅ ከ2017 ጀምሮ የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ምስል ለንግድም ጭምር በነፃ ለቋል። ብራናው እዚህ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ቢያንስ ሥዕሉ በካርድ ይምጣልን።

ከጽሑፍ ምን ላድርግበት ያላችሁኝም አላችሁ። ጎጃም ተቀምጦ ይህ ይጠየቃል? ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ነው፣ ካርድ ላይ ልክክ ይላል። የቅኔ ተማሪ ወይም የኔታ በአቅራቢያችሁ አይጠፋም፤ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ የባለ ቅኔውንም ስም ከሥሩ ጻፉ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ አንድ ሰው ኦሪጅናል ነው ብሎ የድሮ ካርታ ሊሸጥልኝ ነው። በምን አውቃለሁ?

ማጉያ መነጽር ያዝ። ትንንሽ ባለቀለም ነጠብጣቦች ከታዩህ የዘመናችን ህትመት ነው፣ ተወው። የያኔው ካርታ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ በኃይል ተጭኖ ስለሚታተም ጠርዙ ዙሪያ የሰሌዳው አሻራ ሰርጎ ይቀራል፣ በጣትህ ይታወቅሃል። አንዳንዴ ጠርዙ ተቆርጦ ሊጠፋ ስለሚችል ግን በሱ ብቻ አትፍረድ።

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ከእንጅባራ)፦ የታተመ ካርድ ሲበዛ ልጆች ለእንቁጣጣሽ ሥለው የሚያዞሩት ነገር አይጠፋም?

እህቴ፣ እኔም ያሳስበኛል። ያ የልጆች ሥዕል፣ መልአኩና ፀሐይዋ፣ የራሳችን የመልካም ምኞት ካርድ ነው፤ በር ላይ ይዘውልን ሲመጡ ገዝተን ግድግዳ ላይ ስንለጥፈው ነው ያደግነው። የማደርገውን ልንገርሽ። ቅድም ያልኳቸው የመዳብ ካርታዎች ከማተሚያው ሲወጡ ጥቁር መስመር ብቻ ነበሩ፣ ቀለሙ በኋላ በእጅ፣ በብሩሽ ነው የሚቀባው። ስለዚህ የሉዶልፍን ካርታ ጥቁር መስመሩን ብቻ፣ በማያብረቀርቅ ወረቀት ላይ አትሜ ለሰፈራችን ልጆች እሰጣለሁ፤ እነሱ ቀብተው ይሸጡታል፣ ገንዘቡም የነሱ ነው። አምና አንዷ ዓባይን ከጣና ጀምራ ዙሪያውን ቢጫ ቀባችው። ለምን ስላት «በመስከረም ዳር ዳሩ አደይ ነዋ» አለችኝ። ያንን ካርድ አልሸጥኩትም፣ ከጀርባው ስሟንና ዓመተ ምሕረቱን አስጽፌያት እቤት አስቀምጬዋለሁ።