ጥያቄና መልስ፦ ሙሉ በግና የቅርጫ ሥጋ በቤት ለማቆየት ምን ዓይነት ማቀዝቀዣ ይመረጣል?

በዓል ሲቃረብ በመሃል አዲስ አበባ ያሉ ብዙ ቤተሰቦች ስለ በጉ ዋጋና ስለ ቅርጫው መደብ ሲመክሩ ይሰነብታሉ፤ ሥጋው ከታረደ በኋላ የት እንደሚያድር ግን የሚታሰበው በመጨረሻው ሰዓት ነው። ሥራዬ የማቀዝቀዣ ተከላና ጥገና ሲሆን ከቤት ፍሪጅ እስከ ሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ድረስ እሠራለሁ። በዚህ ጉዳይ የደረሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች አቅርቤአለሁ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ በጉን አርደን ሙሉውን ሳንበልት ሰቅለን ሁለት ሦስት ቀን ማቆየት እንፈልጋለን። የትኛውን ዓይነት ማቀዝቀዣ ብገዛ ይሻለኛል?

መልስ፦ ሙሉ በግ ለመስቀል ከሆነ የምመክርዎት በየሱቁ ለስላሳ መጠጥ የሚቀዘቅዝበትን ባለ አንድ በር ቋሚ የመስታወት ፍሪጅ ነው፤ ይሁን እንጂ በውስጡ ነፋስ የሚያዞር ማራገቢያ ያለው መሆን አለበት። ማራገቢያው ቀዝቃዛውን አየር በሥጋው ዙሪያ ስለሚያንቀሳቅስ የላይኛው ገጽ ቶሎ ይደርቃል፤ ገጹ የደረቀ ሥጋ ደግሞ እርጥበት ከቋጠረው ይልቅ ጀርም የመቋቋም ዕድሉ ሰፊ ነው። ማራገቢያ የሌለው ፍሪጅ ከላይና ከታች የተለያየ ሙቀት ስለሚይዝ ታፋው ሲቀዘቅዝ አንገቱ ሞቅ እንዳለ ሊቀር ይችላል።

ከመግዛትዎ በፊት ሜትር ይዘው የውስጡን ቁመት ይለኩ። በቋንጃው የተሰቀለ በግ አንገቱ ሳይቆረጥ ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝም ስለሚችል መደርደሪያዎቹ ሁሉ ወጥተው ከላይ ለመስቀያው፣ ከታች ደግሞ ለሚንጠባጠበው ፈሳሽ ማጠራቀሚያ ትሪ የሚሆን ቦታ መትረፍ አለበት። በጎንም ሥጋው ግድግዳውን መንካት የለበትም፤ የነካበት ቦታ አየር ስለማያገኝ እርጥብ ሆኖ ይቆይና መጀመሪያ የሚሸተው እዚያ ጋ ነው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ መንጠቆውን በፍሪጁ ጣሪያ ላይ አይብሱ። የፍሪጅ ጣሪያ ስስ ቆርቆሮና ፎም እንጂ ክብደት እንዲሸከም የተሠራ አይደለም፤ ከዚያም በላይ በአንዳንዶቹ ጣሪያና ግድግዳ ውስጥ የጋዝ መስመር ስለሚያልፍ በመሰርሰሪያ የተበሳ ቱቦ ፍሪጁን ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል። ይልቁንም ከማይዝግ ብረት አራት እግር ያለው መስቀያ አሠርተው ወለሉ ላይ ያቁሙት፤ ክብደቱን የሚሸከመው ወለሉ ይሆናል፣ ለማጠብም አውጥቶ ማስገባት ይቻላል።

ጥያቄ (ከቂርቆስ)፦ ሻጩ «ስንት ሊትር ነው የሚፈልጉት?» ብሎ ጠየቀኝ። ለግማሽ ቅርጫ በሬ ስንት ሊትር ይበቃል?

መልስ፦ ሊትር የሚነግርዎት ቦታውን ብቻ ነው። ለሥጋ የሚያስፈልገው ጥያቄ ማሽኑ በሰዓት ምን ያህል ሙቀት አውጥቶ መጣል ይችላል የሚለው ነው። አሁን የታረደ ሥጋ ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይገባል፤ እርሱን ወደ 4 ዲግሪ ለማውረድ 60 ኪሎ ሥጋ 1.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት መልቀቅ አለበት። የተለመደ የቤት ፍሪጅ የማቀዝቀዝ አቅም ከ100 እስከ 150 ዋት አካባቢ ስለሆነ፣ በሩ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይከፈትና ከውጭ ምንም ሙቀት ሳይገባ ከ11 እስከ 17 ሰዓት ያለ ዕረፍት መሥራት ይኖርበታል ማለት ነው። በተግባር ጊዜው ከዚህም ይረዝማል፤ በመካከሉ የተከመረው ሥጋ ደግሞ ለብ እንዳለ ያድራል። 15 ኪሎ የሚመዝን በግ ግን ከ0.5 ኪሎዋት ሰዓት በታች ስለሆነ ለቤት ፍሪጅ ያን ያህል አይከብደውም።

ስለዚህ ብዙ ሥጋ በአንድ ጊዜ የሚያስገቡ ከሆነ ለንግድ የተሠራ፣ የኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚገፋው ሞተር) አቅም ከፍ ያለና ማራገቢያ ያለው ይምረጡ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ከኋላ ያለው በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ኮንደንሰርም (ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው የቱቦ መረብ) ሙቀቱን የሚያስረክበው ለዚሁ ለሳሳው አየር ነው። የአየራችን ቅዝቃዜ በከፊል ያካክሰዋል፤ ሆኖም አቅሙ ልክ ልክ ከሆነ ማሽን ይልቅ ትንሽ ትርፍ ያለውን መምረጥ ይበጃል።

ቅርጫው ተቆራርጦ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ በፌስታል እንደታሰረ አያስገቡት። ፌስታሉ ሙቀቱንም እርጥበቱንም አፍኖ ይይዛል። በሽቦ መደርደሪያ ላይ አንድ ንብር አድርገው ዘርግተው ያቀዝቅዙት፤ ከቀዘቀዘ በኋላ መሸፈን ይቻላል።

ጥያቄ (ከስድስት ኪሎ)፦ እናቴ «ትኩስ ሥጋ ፍሪጅ ሲገባ ይደርቃል፣ አየር ይምታው» ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ ወዲያውኑ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ እንዲገባ ይፈልጋል። ማንኛቸው ልክ ናቸው?

መልስ፦ በዚህ ጉዳይ እናትዎ ልክ ናቸው። የበግ ጡንቻ ከታረደ በኋላም ለሰዓታት በውስጡ የቀረውን ጉልበት ማቃጠሉን ይቀጥላል፤ ያንን ጨርሶ ከመገተሩ በፊት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ጡንቻው በብርዱ ኃይለኛ መኮማተር ይኮማተራል። እንዲህ የሆነ ሥጋ ቢቀቅሉትም ቢጠብሱትም እንደ ጠነከረ ይቀራል። ስቡ ስስ የሆነና ሰውነቱ ትንሽ የሆነ በግ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ለዚህ ችግር ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ሳይገትር በረዶ የሆነ ሥጋ ደግሞ የባሰ ነው፤ በረዶው ሲለቅ ይኮማተርና ውሃውን ሁሉ ይተፋል።

በሌላ በኩል «አየር ይምታው» ሲባል ቀኑን ሙሉ ፀሐይና ዝንብ ባለበት በረንዳ ላይ ይዋል ማለት አይደለም። ለገና ወደ ማታ ካረዱ የታኅሣሥ ሌሊት ራሱ ይረዳዎታል፤ በንጹሕ ቦታ ሰቅለው፣ በንጹሕ ስስ ነጠላ ከዝንብ ጠብቀው፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ካቆዩት በኋላ ወደ ማቀዝቀዣው ማስገባት ነው። ለፋሲካ ማለዳ ካረዱ ግን የሚያዝያ ቀን ይሞቃል፤ ስለዚህ ገጹ እስኪደርቅ ሁለት ሰዓት ያህል በጥላ ከተሰቀለ በኋላ በ12 ዲግሪ አካባቢ ወደተስተካከለ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ ከታረደ አሥር ሰዓት ሲሞላው ማቀዝቀዣውን ወደ 2 ዲግሪ ያውርዱት። ይህን ለማድረግ ከውጭ የሚገጠም ዲጂታል ቴርሞስታት (ሙቀቱን እየለካ ማሽኑን የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ) ያስፈልጋል፤ የፍሪጁ የራሱ ማስተካከያ ከ1 እስከ 7 ቁጥር ብቻ ስለሚያሳይ ስንት ዲግሪ እንደሆነ አይነግርም።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ አሜሪካ ያለው ወንድሜ አጋዘን አድኖ ቤቱ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ሰቅሎ ያቆያል። የእርሱን ዓይነት ላስመጣ?

መልስ፦ የወንድምዎ ማቀዝቀዣ የተመረጠው ለሌላ ሥራ ነው። እዚያ የሚታደነው ነጭ ጅራት አጋዘን ወንዱ ሆድ ዕቃው ወጥቶለት ከ45 እስከ 65 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ሥጋው ስብ የለሽ በመሆኑና ዕድሜውም የገፋ ሊሆን ስለሚችል እንዲላላ ሲሉ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ለቀናት ይሰቅሉታል። ብዙዎቹም ቆዳውን ሳይገፉ የሚያቆዩት ሥጋው እንዳይደርቅ ነው። የእኛ ጠቦት ተገፎ የሚሰቀልና ለጋ በመሆኑ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ገጹ እየደረቀ የሚላጥና የሚጣል ሥጋ ይበዛል።

ከዚህ ሌላ የአሜሪካ ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢቀይርም ኸርዙን አይቀይርም፤ ኮምፕሬሰሩም ከተሠራበት ፍጥነት በታች ይሠራል። ያን ያህል ክብደት አስጭኖ ማምጣት ገንዘብ ማባከን ነው።

ጥያቄ (ከልደታ ኮንዶሚኒየም)፦ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፤ ቤቱም ጠባብ ነው። የተኛ ዲፕ ፍሪዘር በቴርሞስታት ወደ ፍሪጅ መለወጥ ይቻላል ይባላል። ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፤ ወጪውም ዝቅተኛ ነው። ዲፕ ፍሪዘሩን በውጭ ቴርሞስታት ላይ ሰክተው መለኪያ ሽቦውን ውስጥ ቢያስገቡ በ2 ዲግሪ ላይ ያቆመዋል፤ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነም ቅዝቃዜ ይይዛል። ጉድለቱ ሙሉ በግ አይሰቀልበትም፣ ታችኛው ክፍል ላይም ውሃ ይጠራቀማል። ስለዚህ በጉን ለአራት ወይም ለስድስት ቆራርጠው ከወለሉ ከፍ ባለ የሽቦ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ፤ ዕለት ዕለትም ያጠራቀመውን ፈሳሽ በጨርቅ ያንሱ።

ፎቅ ላይ ሲወጣ ተሸካሚዎቹ በጎኑ እንዳያስተኙት ይጠይቁ። የደረጃው መታጠፊያ አስገድዶ በጎኑ ከተኛ ደግሞ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እንዲመለስ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳይሰካ ይደር።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ያገለገለ የመስታወት ፍሪጅ መርካቶ አይቻለሁ፤ የመጠጥ ድርጅት ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። ብገዛው ችግር አለው?

መልስ፦ አስቀድመው የባለቤትነት ሰነዱን ይጠይቁ፤ የድርጅት ማስታወቂያ ያለበት ፍሪጅ ብዙ ጊዜ ለሱቅ በውሰት የተሰጠና ንብረትነቱ የድርጅቱ የሆነ ነው። ሰነዱ ከተገኘ ዕቃውን ራስዎ ይፈትሹ። ከኋላ በኮምፕሬሰሩ ቱቦዎች መጋጠሚያ ላይ የዘይት እርጥበት ካለ ጋዝ እያፈሰሰ ነው። በበሩ ጎማና በአካሉ መካከል ወረቀት አስገብተው በሩን ይዝጉና ይሳቡት፤ በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ ጎማው አልቋል፤ ዙሪያውን ሁሉ እንዲሁ ይሞክሩ። ከዚያም አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር አስገብተው ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጡና ሻጩን ግማሽ ቀን እንዲያስነሳው ይለምኑት። ውሃው ከ4 ዲግሪ በታች ካልወረደ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙት።

የጋዙንም ዓይነት በጎኑ ከተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ያንብቡ። አር600ኤ ወይም አር290 ከሆነ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ በደህና አገልግሎት ላይ ሳለ አያሰጋም፣ ነገር ግን የሚጠግነው ሰው ጋዙን በደንብ ሳያስወጣ በእሳት መበየድ የለበትም።

ጥያቄ (ከለገሃር)፦ ጥሬ ሥጋ ቤታችን ይወደዳል። በፍሪጅ ካደረ ኮሶ አይዝም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ይህን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ያለው ቅዝቃዜ ጀርም እንዳይራባ ያዘገያል እንጂ በበሬ ሥጋ ውስጥ ያለውን የኮሶ ዕጭ አይገድልም። ዕጩን ለመግደል ሥጋው እስከ መሃሉ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ አሥር ቀን መቆየት አለበት፤ ወይም በደንብ መብሰል አለበት። ጥሬ የሚበሉ ከሆነ ሥጋው በቄራ የታረደና የሐኪም ምርመራ ማኅተም ያለበት ይሁን። ምርመራው አደጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ሙሉ በሙሉ ያስቀረዋል ማለት ግን አይቻልም።

ጥያቄ (ከተክለ ሃይማኖት)፦ መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ በሩን አይክፈቱ። በሩ የተዘጋ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ የመስታወት በር ከዚያ ሊያንስ ይችላል። ከዚያ በላይ ለሚቆይ መቋረጥ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አቀዝቅዘው በረዶ አድርገው ያዘጋጁና ከሥጋው በላይ ያድርጓቸው። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ቮልቱ ሊዋዥቅ ስለሚችል ስታብላይዘር ያስፈልጋል፤ ሲገዙም መብራት ከመጣ በኋላ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ አዘግይቶ የሚለቅ መሆኑን ያረጋግጡ። ኮምፕሬሰር ገና ግፊቱ ሳይረግብ እንደገና ሲነሳ ነው የሚቃጠለው።

ጥያቄ (ከሰንጋ ተራ)፦ ከዐቢይ ጾም በፊት አርደን ለፋሲካ ማቆየት ይቻላል? ጨጓራውና ጉበቱስ ከሥጋው ጋር ይቀመጣል?

መልስ፦ ለ55 ቀን በፍሪጅ አይቻልም። ገትሮና ቀዝቅዞ ካበቃ በኋላ ተቆራርጦ፣ አየር እንዳይገባው ተጠቅልሎ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ መግባት አለበት። ሆድ ዕቃው ለብቻው ክዳን ባለው ዕቃ ይሁንና ከታች ይቀመጥ፤ በሁለት ቀን ውስጥም ይበላ።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ፍሪጁ 3 ዲግሪ ያሳያል፤ ሥጋው ግን በሁለተኛው ቀን አጥንቱ አካባቢ ሸተተ። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ፍሪጁ የሚያሳየው የአየሩን ሙቀት ነው። የሥጋው መሃል በተለይም ታፋው ከዳሌ አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከሁሉ ዘግይቶ ይቀዘቅዛል፤ መሽተትም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሹል ጫፍ ያለው የሥጋ ቴርሞሜትር ገዝተው አጥንቱ ድረስ ይውጉት፤ በበግ በማግስቱ ጠዋት ከ7 ዲግሪ በታች መሆን አለበት። ካልሆነ ብዙ ሥጋ በአንድ ጊዜ ገብቷል፣ ወይም አየር አልዞረም፣ ወይም ከኋላ ያለው ኮንደንሰር አቧራ ይዟል። አሁን የሸተተውን አይሞክሩት፤ ያስወግዱት። ፍሪጁን በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ቀጥሎም በቀጠነ በረኪና ያጽዱ፤ ከታች ያለውን የውሃ መውረጃ ቀዳዳም አይርሱ፤ በእርሱ ውስጥ የተጠራቀመ ደም የሚቀጥለውን ሥጋ ያበላሻል።