ፋየርዎሉ ከሰርቨሬ አስወጣኝ

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ በሚባለው ስርዓተ ክወና ላይ የራሴን ዌብ ሰርቨር አቋቋምኩ። ፋየርዎሉን ሳበራ ግን ገጹም አልከፈት አለ፣ በኤስኤስኤችም (ሰርቨሩን ከርቀት በማዘዝ መንገድ) መግባት አቃተኝ። ከዜሮ ልጀምር?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ፋይሎችህ እዚያው አሉ። እኔም በመጀመሪያው ሰርቨሬ ይኸው ደርሶብኝ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። የኡቡንቱ ፋየርዎል ሲበራ ከውጭ የሚመጣውን ግንኙነት ሁሉ ይዘጋል፤ አስቀድመህ ካልፈቀድክ አንተንም አያስገባህም።

ሰርቨሩን የተከራየኸው ከድርጅት ከሆነ አካውንትህ ውስጥ ኮንሶል የሚባል ፈልግ። ሰርቨሩ ፊት ተቀምጠህ እንደምትጽፍ ነው፤ ፋየርዎሉ አያግደውም። በዚያ ግባና መጀመሪያ ፖርት 22ን ክፈት፣ የኤስኤስኤች በር እሱ ነው። ከዚያ ለገጹ 80ን እና 443ን።

አደራ፣ ኮንሶሉን ሳትዘጋ በሌላ ተርሚናል (የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) በኤስኤስኤች መግባትህን አረጋግጥ። ሁልጊዜ እንዲህ አድርግ። ገጹ አሁንም እምቢ ካለ የዌብ ሰርቨር ፕሮግራምህን፣ ለምሳሌ የኤንጂንኤክስን፣ የስህተት መዝገብ አንብብ።