«ሆርሞኔ ተዛብቷል ተባልኩ፤ መካን እሆን ይሆን?»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 27 ሲሆን የምኖረው አዳማ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ፊቴና ሆዴ ሲወፍሩ እግሬና ክንዴ ቀጥነዋል። ሆዴ ላይ ቀያይ ሸንተረር ወጥቷል፤ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ጉልበቴ ይከዳኛል። የወር አበባዬ ከቀረ አራት ወር ሆኖታል፤ እርግዝና ግን የለም። የታይፎይድ መድኃኒት ወስጄ ለውጥ አላየሁም፤ የእንቅርት ሆርሞን ምርመራውም ደህና ነው ተባልኩ። ዘንድሮ ልንጋባ አስበናል። ልጅ አልወልድም ማለት ነው? ለመወፈር ብዬ በሰፈር የገዛሁትን የምግብ ፍላጎት ኪኒን ከአንድ ዓመት በላይ ወስጃለሁ፤ ቪታሚን ነው ስላሉኝ ለሐኪም አልተናገርኩም። ከነገ ጀምሮ ላቆመው ነው።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኪኒኑን ነገ በድንገት አያቁሙ።

የጠየቁኝ ስለ ሆርሞን ቢሆንም የሚያስጨንቅዎ ልጅ የመውለድ ነገር መሆኑ ይገባኛል። የጻፉልኝ ምልክት ሁሉ የሚያመለክተው ወደ መካንነት ሳይሆን ወደዚያ ኪኒን ነው። ለመወፈር ተብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡት መካከል አንዱ ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ፣ ማለትም ኮርቲሶል የተባለውን የሰውነት ሆርሞን ሥራ የሚሠራ መድኃኒት ነው፤ ኃይለኛ ስለሆነ 0.75 ሚሊግራሙ ብቻ ፕሬድኒሶሎን ከተባለው ሌላ ስቴሮይድ 5 ሚሊግራም ጋር ይስተካከላል። እንዲህ ያለ መድኃኒት ሲበዛ አንጎል ወደ እንቁልጢ (የሴት እንቁላል ማፍሪያ) የሚልከውን ትእዛዝ ስለሚያዳክም የወር አበባ ይቀራል፤ መድኃኒቱ በሥርዓት እየተቀነሰ ሲቆም ግን አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። «ወፈርኩ» ያሰኘዎትም ጤና አይደለም፤ ስቡ ፊትና ሆድ ላይ ሲከማች የጭንና የክንድ ጡንቻ እየሟሸሸ ነው፤ ጉልበትዎ የከዳዎትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ማቆሙ ልመለስ፤ ከሁሉ የሚያሰጋኝ እርሱ ነውና። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች በየቀኑ ኮርቲሶል ያመነጫሉ። ከውጭ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲገባላቸው ግን ሥራቸውን ያቆማሉ፤ እንደገና እስኪነቁም ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስድባቸዋል። ኪኒኑ በድንገት ሲቋረጥ፣ ወይም እየተወሰደም ቢሆን ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲያጋጥም፣ ሰውነት የሚያስፈልገውን ኮርቲሶል ስለማያገኝ የደም ግፊት ይወድቃል፤ ስኳርም ሊወርድ ይችላል። ከተቀመጡበት ሲነሱ የሚያዞርዎ፣ የሚያስመልስዎ፣ ሆድዎን የሚቆርጥዎ ወይም የሚያደናግርዎ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እንደ ደረሱም «ስቴሮይድ ሳይሆን የማይቀር ኪኒን ከዓመት በላይ ወስጃለሁ» ብለው ይናገሩ። ሕክምናው የጎደለውን ኮርቲሶል የሚተካ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን በመርፌ እና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ነው፤ ነገሩን ያላወቀ ሐኪም ግን የጨጓራ መርፌ ወግቶ ወደ ቤት ሊመልስዎ ይችላል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ስሙን የማያውቁትን ኪኒን ከዓመት በላይ መዋጥ፣ ከዚያም ለመረመረዎ ሐኪም መደበቅ፣ ሕይወትን ለሻጭ አደራ መስጠት ነው። መርማሪውም ቢሆን ታይፎይድ ከማለቱ በፊት ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ሊጠይቅዎ ይገባ ነበር፤ ሆኖም የእርሱ ስህተት የእርስዎን አያቃልልም።

በዚህ ሳምንት ውስጥ ኪኒኑን ከነማሸጊያው፣ ማሸጊያ ከሌለው ፍሬውን ይዘው የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ እስከዚያው የለመዱትን መጠን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይቀጥሉ። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የፖታሲየምና በድጋሚ የእርግዝና ምርመራ ያስፈልግዎታል። የኮርቲሶል ምርመራ የሚደረገው ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ መቼ እንደሚሠራ ግን ሐኪሙ ይወስናል፣ ኪኒኑ ውጤቱን ያዛባዋልና። መድኃኒቱ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል፤ በመሃል ድካምና የመገጣጠሚያ ሕመም ሊኖር ስለሚችል ተስፋ ቆርጠው በራስዎ ወደ ቀድሞው መጠን አይመለሱ።

ሰርጉን በዚህ ምክንያት ማዘግየት አያስፈልግም። እርግዝናውን ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ያቆዩት፤ የወር አበባ ከመመለሱ በፊትም ማርገዝ ስለሚቻል የመከላከያውን ነገር በመጀመሪያው ቀጠሮ ያንሱ፤ ቢቻል እጮኛዎም አብረው ይምጡ።